«ዲጂታል ስለሆነ ነው» ማለት ምርመራ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከጊታሪስት ወደ ጊታሪስት ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። የሚያወራው ስለ አምፕ ሞዴለር ነው፤ የእውነተኛ አምፕን ድምፅ በስሌት አስመስሎ ስለሚያወጣው ዲጂታል ዕቃ። ጥያቄው ብዙዎቻችንን እንቅልፍ የነሳ ነው። ያልጠራነው ዲስቶርሽን፣ ማለትም የድምፅ መሰንጠቅና መንጫጫት፣ ከየት ይመጣል?

ጸሐፊው ስድስት መልስ ሰጥተዋል። ችግሩ የዲጂታል ተፈጥሮ ነው፤ ኢንፑቱን ቀይ መብራት ብልጭ እስኪል ከፍ አድርጉ፤ ድምፁ ከተንጫጫ ትሬብል (ቀጭኑን ድምፅ) ቀንሱ፤ ክሊን (ጥርት ያለ ድምፅ ያለው) አምፕ ከተሰነጠቀ ዕቃው ተበላሽቷል፤ ማስተር ቮልዩም መቀነስ ሁሉንም ይፈታል፤ ጊታሩ ሌላ አምፕ ላይ ደህና ከሆነ ጥፋተኛ አይደለም። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው ግን ብዙ ዘመን የተጫወቱ ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። ስለዚህ በአክብሮት ልከራከራቸው። ከስድስቱ የመጀመሪያው ግማሽ እውነት አለው። ሌሎቹን የተከተለ ሰው ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ነው የሚውለው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። ጽሑፉ ዲስቶርሽንን ከዳር እስከ ዳር እንደ አንድ በሽታ ነው የሚያየው። አንድ አይደለም። ለዚህም ነው «ድምፁ ምን ይመስላል?» ከሚለው በፊት «መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ መጠየቅ የሚሻለው። አንድ ሙሉ ኮርድ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱና እስኪጠፋ ድረስ እጃችሁን አንሱ። ገና ሲመታ ተሰንጥቆ እየደከመ ሲሄድ ከጠራ፣ የሆነ ቦታ ሲግናሉ (ከጊታሩ የሚሄደው ሞገድ) ሊያልፈው የማይችለውን ጣሪያ ነክቷል። መጀመሪያ ጠርቶ ሊጠፋ ሲል ከተንኮሻኮሸ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጣሪያን እርሱት። ክሩን ሳትነኩም ከተንጫጫ ደግሞ ከእጃችሁም ከአምፑም ጋር አይገናኝም። ኬብል ነው፣ ኤሌክትሪክ ነው፣ ወይም በኮምፒውተር የምትጫወቱ ከሆነ በጣም ያነሰ በፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለማስላት የሚያገኘው ጊዜ) ነው። ይህ ሙከራ ሃያ ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ጸሐፊው አንዴም አላነሱትም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

«ዲጂታል ሁሌም ይንጫጫል፤ መድኃኒቱ ቲዩብ አምፕ (በድሮው የብርጭቆ ቱቦ የሚሠራ አምፕ) መግዛት ነው» ይላሉ። ግማሽ እውነት ያልኩት ይህንን ነው። ከዲጂታል ብቻ የሚወለድ አንድ ክፉ ዲስቶርሽን በእርግጥ አለ። ስሙ ኤሊያሲንግ ይባላል።

ዕቃው ድምፁን በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል እንበል። ሊወክለው የሚችለው በጣም ቀጭኑ ድምፅ የዚህ ግማሽ ነው፤ 24,000 ሄርዝ (በሰከንድ 24,000 ንዝረት)። የዲስቶርሽን ሥራ ደግሞ ያልነበረ ድምፅ መፍጠር ነው። አንድ ኖታ ሲገባለት የኖታውን ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አርባ እጥፍ እያለ ሃርሞኒክ ያወጣል። ከ24,000 ያለፉት ዝም ብለው አይጠፉም። ታጥፈው ወደ ታች ይመለሳሉ። ፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ የሚዞር ሲመስል አይታችኋል? ነገሩ አንድ ነው።

ቀጭኗ ክር 22ኛው ፍሬት ላይ 1,175 ሄርዝ ገደማ ትሰጣለች። 39ኛው ሃርሞኒኳ 45,825 ይሆናል፤ ታጥፎም (48,000 ሲቀነስ 45,825) 2,175 ላይ ያርፋል። አሁን ክሯን ትንሽ ጎትታችሁ ቤንድ አድርጓትና 1,190 ትድረስ። ኖታው በ15 ሄርዝ ወጣ። ያ የታጠፈው ድምፅ ግን በ585 ወርዶ 1,590 ላይ ተገኘ። ኖታው ሲወጣ ከጀርባው የሚወርድ ፉጨት ከሰማችሁ እሱ ነው። ጆሮን የሚያስቀይመውም ከኖታው ጋር ምንም ዝምድና ስለሌለው ነው።

ግን ለዚህ ከተገኘለት መፍትሔ ዓመታት ተቆጥረዋል። ኦቨርሳምፕሊንግ ይሉታል። ዲስቶርሽኑ የሚሠራበትን ፍጥነት ለጊዜው ስምንት እጥፍ ብታደርጉት ጣሪያው ከ24,000 ወደ 192,000 ይወጣል፤ የሚታጠፈው ነገር በጣም ይቀንሳል። የላይን 6 ፖድ የተባለው ሞዴለር እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ የፕሮሰሰር አቅም ከዛሬው ጋር አይወዳደርም ነበር። ጸሐፊው የሚያወሩት ስለዚያ ዘመን ዕቃ ከሆነ እስማማለሁ። ዛሬ ግን በተለይ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኦቨርሳምፕሊንጉ ጠፍቶ እንደሆነ እዩ። ኮምፒውተሩ እንዳይከብደው ብለን አጥፍተን የምንረሳው እኛው ነን።

ደግሞም ኤሊያሲንግ በይበልጥ የሚሰማው ጌይን (ሲግናሉ ወደ ዲስቶርሽን የሚገፋበት መጠን) በዝቶ ከ12ኛ ፍሬት በላይ ስትጫወቱ ነው። ክሊን ድምፅ ላይ ወፍራሙን ክር ስትመቱ ጠሽ የሚልባችሁ ከሆነ ኤሊያሲንግ የለበትም። ቲዩብ አምፕ መግዛት ለዚህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ችግሩ አብሯችሁ ይመጣል።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ጠበቅ እላለሁ፤ ምክሩ ራሱ በሽታውን ያመጣልና። «ኢንፑቱን ቀይ መብራት ብልጭ እስኪል ከፍ አድርጉ፤ አለበለዚያ ቢት ይባክናል» ይላሉ።

ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በቴፕ ዘመን ከፍ አድርጎ መቅዳት ጥሩ ነበር፤ ቴፕ ሲጨናነቅ ቀስ ብሎ ነው የሚጎብጠው፣ እንዲያውም ያምራል። የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ዕቃዎችም ባለ16 ቢት ስለነበሩ ቆጠባ ነበረባቸው። እያንዳንዱ ቢት 6 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል፤ 16 ቢት 96 ዴሲቤል፣ 24 ቢት ደግሞ በስሌት 144 ዴሲቤል ይሆናል። የዛሬዎቹ ዕቃዎች በአብዛኛው ባለ24 ቢት ናቸው። ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ዝቅ ብትሉ ያጣችሁት 2 ቢት ነው። 22 ይቀራችኋል። የፒካፓችሁ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) የራሱ እምምታ ብቻውን ከዚህ ሁሉ በላይ ይጮሃል። ምን ባከነ?

የዲጂታል ጣሪያ እንደ ቴፕ አይጎብጥም፤ ሲሚንቶ ነው። ጣሪያው ዜሮ ዴሲቤል ይባላል፤ እሱን ሊያልፍ የሞከረ ሞገድ አናቱ በቢላ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህ ዲስቶርሽን ከአምፑ ዲስቶርሽን በፊት ስለሚመጣ፣ ከዚያ በኋላ የምትነኩት ጌይንም ሆነ ኢኩዋላይዘር አያጠፋውም። የተቆረጠ አናት መልሶ አይበቅልም።

ሞዴለር ውስጥ ያለው ስሌት ራሱ ብዙውን ጊዜ ፍሎቲንግ ፖይንት በሚባለው የቁጥር አያያዝ ስለሚሄድ፣ መሀል ላይ ከዜሮ ቢያልፍም ወዲያው አይቆረጥም። አደጋው ያለው በሮቹ ላይ ነው። አንዱ በር ኤሌክትሪኩ ወደ ቁጥር የሚቀየርበት መግቢያ ነው። ሌላው ቁጥሩ ወደ ኤሌክትሪክ የሚመለስበት መውጫ ነው። የጸሐፊው ምክር የመጀመሪያውን በር አፋፍ ላይ አቁሞን ይሄዳል። ምሽት ላይ ስሜት ሲመጣና እጅ ሲከብድ ያ «ብልጭ» ያለው ቀይ መብራት ሳይጠፋ ያመሻል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ድልድዩ ጋ ያለውን ፒካፕ እመርጣለሁ፤ የጊታሩን ቮልዩም ሙሉ እከፍታለሁ፤ ከዚያ መድረክ ላይ እንኳ በማልመታበት ኃይል ስድስቱንም ክሮች እመታለሁ። ከፍተኛው ጫፍ ከጣሪያው 10 ወይም 12 ዴሲቤል በታች እንዲቀር አስተካክላለሁ። ሲግናሉን የሚቀንስ ፓድ የሚል ማብሪያ ካለ እንደ ሃምበከር (ባለሁለት ጥቅል ሽቦ) ላለ ጉልበተኛ ፒካፕ አብሩት። በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ኢንፑት መቀነስ የአምፑን ጌይን አይነካም፤ ዕቃው ራሱ ውስጥ ለውስጥ ያካክሰዋል። በኦዲዮ ኢንተርፌስና በሶፍትዌር ስትጫወቱ ግን ይቀንሳል፤ የጎደለውን አምፑ ላይ ባለው ጌይን መልሱ።

ጣሪያው የተነካው መግቢያው ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ አምፑን ጨምሮ ብሎኮቹን (ሞዴለሩ ውስጥ በተራ የተደረደሩትን ክፍሎች) ሁሉ አጥፉ። ባዶው ጊታር ብቻ ይቅር። ድምፁ ቀጭንና አስቀያሚ ይሆናል፤ አትደንግጡ። እሱም ስትመቱት ከተሰነጠቀ ስሌቱ ገና አልጀመረም፤ አምፑን አትውቀሱ። ከጠራ ደግሞ ብሎኮቹን አንድ በአንድ እያበራችሁ ሂዱ። ስንጥቁ የተመለሰበት ብሎክ ላይ ቁሙ።

«ድምፁ እንደ ንብ ከተንጫጫ ትሬብል ቀንሱ» የሚለው ሦስተኛው ነው። ሞክሬዋለሁ። ሁላችንም ሞክረነዋል። ትሬብሉ ዜሮ ይደርሳል፤ ድምፁ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ንቧ ግን ብርድ ልብሱ ውስጥ ዝዝዝ ትላለች።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በአብዛኞቹ አምፖች ውስጥ ትሬብል የሚባለው ቁልፍ የሚሠራው ከፓወር አምፑ (ስፒከሩን ከሚነዳው የመጨረሻ ክፍል) በፊት ነው። ሞዴሉም ይህንኑ ይኮርጃል። ማለትም ወደ ፓወር አምፑ ዲስቶርሽን የሚገባውን ነው የምትቀንሱት እንጂ ከእሱ የሚወጣውን አይደለም። የሚንጫጫ ነገር ከዚያ በኋላም ይፈጠራል።

እውነተኛ አምፕ ላይ ይህን ንብ የሚገድላት ስፒከሩ ነው። ባለ12 ኢንች የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በፍጥነት ይጥላል። ለሙዚቃ ማዳመጫ ቢሆን ጉድለት ነበር፤ ለጊታር ግን ግማሹ ውበት እዚያ ነው። ሄድፎንና የስቱዲዮ ስፒከር እስከ 20,000 ድረስ ሁሉንም ያወጣሉ። ስለዚህ ሞዴለር ውስጥ የጊታር ስፒከርን የሚያስመስለው ካቢኔት ወይም አይ አር የሚባለው ብሎክ ከጠፋ፣ የምትሰሙት ራቁቱን የቀረ ዲስቶርሽን ነው። ቲዩብ አምፕም ያለ ጊታር ስፒከር በሄድፎን ብትሰሙት እንዲያው ነው የሚንጫጫው።

ስለዚህ መጀመሪያ ካቢኔቱ በርቶ እንደሆነ እዩ። እውነተኛ የጊታር ካቢኔት ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ አጥፉት፤ ሁለት ካቢኔት ተደራርቦ ድምፁን ያፍነዋል። አንዳንድ ዕቃ ላይ ይህ ለእያንዳንዱ መውጫ ለየብቻ ነው የሚስተካከለው። ሄድፎኑ ላይ የበራው ካቢኔት ዋናው መውጫ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። በርቶም ከተንጫጫ ከካቢኔቱ በኋላ ሃይ ከት (ቀጭኑን ድምፅ የሚቆርጥ) አስገቡና ከ6,000 እስከ 8,000 ሄርዝ መሀል ላይ ሞክሩት። ቦታው ነው ዋናው፤ በኋላ።

የወፍራሙ ክር ጉዳይ ግን ተቃራኒ ነው። ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ድምፁ እንደ እርጥብ ካርቶን ቧ፣ ቧ የሚል ከሆነ፣ ቤዙን መቁረጥ ያለባችሁ ከዲስቶርሽኑ በፊት ነው። ዝቅተኛው ድምፅ ጉልበተኛ ስለሆነ የአምፑን ቦታ ሁሉ ይይዘውና ሌላውን ይጨፈልቀዋል። ቲዩብ ስክሪመር የሚባለው አረንጓዴ ፔዳል በከባድ ጌይን ተጫዋቾች ዘንድ ይህን ያህል የተወደደው አንዱ በዚህ ነው፤ ከ720 ሄርዝ ገደማ በታች ያለውን እያሳነሰ ነው ወደ ዲስቶርሽኑ የሚያስገባው። ብዙዎች ጌይኑን ዜሮ አድርገው ለዚህ ብቻ ይጠቀሙበታል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጣል። ከባድ ጌይን ላይ ሙሉ ሜጀር ኮርድ መትታችሁ ድምፁ ከተበላሸ ምንም አልተሰበረም። ዲስቶርሽን ውስጥ ሁለት ኖታ ሲገባ ልዩነታቸውም ራሱን የቻለ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። 440 እና 660 ሄርዝ ብትመቱ ልዩነቱ 220 ነው፤ የ440 የታችኛው ኦክታቭ ስለሆነ ያምራል። ፓወር ኮርድ የሚያገሳው በዚህ ነው። 440 እና 554 ብትመቱ ግን 114 ይመጣል፤ ኮርዱ ውስጥ የሌለ፣ ከኤ በላይ ከኤ ሻርፕ በታች የተንጠለጠለ ነገር። ጌይን ቀንሱ ወይም ኖታ ቀንሱ፤ ለዚህ ሦስተኛ መንገድ የለም።

አራተኛው፦ «ክሊን አምፕ መርጣችሁ ከተሰነጠቀ ዕቃው ተበላሽቷል፤ መልሱት።»

ኧረ አትቸኩሉ! ክሊን የሚባል አምፕ የለም፤ ክሊን የሚባል መጠን ነው ያለው። የድሮዎቹ አምፖች ብዙዎቹ ማስተር ቮልዩም የላቸውም። ሞዴሉ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ማስተር ይጨመርላቸዋል፤ እውነተኛውን ለመምሰል እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ጌይኑን 3 ላይ አድርጋችሁም ፓወር አምፑ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሞዴሉ ትክክል ስለሠራ ነው የተሰነጠቀው። ማስተሩን ቀንሱና የጎደለውን ድምፅ፣ ድምፁን ሳይለውጥ መጠኑን ብቻ በሚያሳድገው የብሎኩ ሌቭል መልሱ።

ፕሪሴትም (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ቅንብር) አለ። ፕሪሴቱን የሠራው ሰው ሲንግል ኮይል (ባለአንድ ጥቅል፣ ጉልበቱ ያነሰ ፒካፕ) ይዞ ከነበረና እናንተ ሃምበከር ከያዛችሁ፣ የእሱ ክሊን የእናንተ ክራንች (ሰንጠቅ ያለ ድምፅ) ነው።

ያ ሊጠፋ ሲል የሚንኮሻኮሸው ዓይነት ደግሞ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ሞዴለሩ ባያስ የሚባል ቁልፍ ካለውና በጣም ከወረደ፣ ሞገዱ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ይሰበራል። ኖታው ትልቅ ሲሆን ስብራቱ ይሸፈናል፤ ሲደክም ብቻውን ይቀራል። ባያሱን ወደ መሀል መልሱት። እሱ ካልሆነ ኖይዝ ጌቱን (ዝቅ ያለውን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ የሚዘጋውን በር) አጥፍታችሁ ስሙ። የጌቱ ገደብ ከፍ ካለ በሩ ሊጠፋ ያለው ኖታ ላይ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ለጆሮ የተሰበረ ስፒከር ይመስላል።

ሪሴት አድርጎ «ዳነልኝ» የሚልም ሰው አለ። እውነቱን ነው፤ ብዙ ጊዜ የዳነው ግን ፕሪሴቶቹን ሁሉ በሚነካው ግሎባል ኢኩዋላይዘር ላይ የሆነ ቀን የጨመረው 9 ዴሲቤል ስለተሰረዘለት ነው። እሱን ብቻ ከፍቶ ማየት ይሻላል። ሪሴት ፕሪሴቶቻችሁን ሊበላ ይችላል።

«ማስተር ቮልዩም መቀነስ ሁሉንም ይፈታል» የሚለው አምስተኛው፣ መግቢያው ላይ የተቆረጠውን ድምፅ ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ድምፅ ከማድረግ ያለፈ ነገር የለውም። መውጫው ላይ ላለው ጣሪያ ግን አንዳንዴ ይሠራል፤ ቁልፉ ከመውጫው በር በፊት ከሆነ። በተለይ ሁለት አምፕ ጎን ለጎን አድርጋችሁ መጨረሻ ላይ ስታገናኟቸው ድምሩ እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል። እያንዳንዳቸው ደህና ናቸው፤ አብረው ግን ጣሪያ ይነካሉ።

ጸሐፊው የዘነጉት ከሞዴለሩ ውጭ ያለውን ነው። አንድ ጊዜ ልምምድ ላይ ሄድፎን ላይ ብርጭቆ የነበረው ድምፄ በትልቁ ስፒከር ሲወጣ አሸዋ ሆነ። ሚክሰሩን ያየው ልጅ «ከአንተ ነው የሚመጣው» አለኝ። እኔም አመንኩትና ሞዴለሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። በኋላ ቀና ስል የእኔ ቻናል ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ኮርድ በመታሁ ቁጥር ትበራለች። ኬብሌ የገባው ማይክ መግቢያ ላይ ነበር፤ ከእኔ በፊት ለዘፋኝ የተከፈተው ጌይንም እንዳለ ነው።

የሞዴለር ፕሮፌሽናል ላይን መውጫ +4 ዲቢዩ ከሆነ 1.23 ቮልት ገደማ ይሰጣል። የማይክ ሲግናል በሚሊቮልት ነው የሚቆጠረው። ይህን ያህል ጉልበት ማይክ መግቢያ ውስጥ ስታስገቡት ገና ጌይኑ ሳይነካ ሊጨናነቅ ይችላል። ላይን መግቢያ ተጠቀሙ፣ ወይም የሚክሰሩን ፓድ አብሩ፣ ወይም ሴቲንግ ውስጥ መውጫውን ወደ ማይክ መጠን አውርዱት። ሞዴለሩን ከጊታር አምፕ ፊት የምትሰኩ ከሆነ ደግሞ ኢንስትሩመንት የሚለውን ምረጡ። ሄድፎን ላይ ጠርቶ ሌላ ቦታ ላይ የሚሰነጠቅ ድምፅ ጥፋቱ ከሄድፎኑ መውጫ ወዲያ ነው።

የቀረው የመጨረሻው ነው። «ጊታሩ ሌላ አምፕ ላይ ደህና ከሆነ ከጥፋቱ ነፃ ነው።»

ይህን አንብቤ ሳቅሁ፤ እኔም በዚሁ እምነት ሁለት ሳምንት ተቀጥቼበታለሁና። ጊታሬ ባለ9 ቮልት ባትሪ የሚፈልግ አክቲቭ ፒካፕ አለው። ሞዴለሩ ላይ ክሊን ድምፅ ስጫወት ጠንከር ብዬ በመታሁ ቁጥር ጠሽ ይል ጀመር። ጊታሩን ወስጄ የጓደኛዬ ቲዩብ አምፕ ላይ ሰካሁት። ምንም የለም፤ ሞቅ ያለ ድምፅ። «በቃ፣ ሞዴለሩ ነው» አልኩ።

ያልገባኝ፣ የጓደኛዬ አምፕ ራሱ ትንሽ ሰንጠቅ የሚል መሆኑ ነው። በቆሸሸ ልብስ ላይ ጠብታ አይታይም። ሞዴለሩ ነጭ ሸሚዝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ የእኔ ጆሮ መስማት የፈለገውን ነው የሰማው።

ያኔ ኢንፑቱን ቀነስኩ። አልጠፋም። አምፑን ቀየርኩ፣ ካቢኔት ቀየርኩ፣ ያሉኝን ፕሪሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ ጌይናቸውን አወረድኩ። የጊታሩን ቮልዩም ወደ ግማሽ ሳወርደው ስንጥቁ አነስ ብሎ ግን እዚያው አለ። ፍንጩ እሱ ነበር። ስንጥቁ ከሞዴለሩ መግቢያ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ቮልዩሙ ግማሽ ሲሆን ይጠፋ ነበር። ከቮልዩሙ በፊት ካለ ግን ምን ብቀንሰው አብሮ ያንሳል እንጂ አይጠራም።

በአራተኛው ሳይሆን በአሥራ አራተኛው ቀን የጊታሩን የኋላ ክዳን ፈታሁ። ባትሪው 6 ቮልት ከምናምን ላይ ነበር። የአክቲቭ ጊታር ባትሪ ኬብሉ ሶኬቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ይሠራል፤ ብትጫወቱም ባትጫወቱም። እኔ ደግሞ ኬብሉን ሰክቼ ጊታሩን ማቆሚያው ላይ ትቼ የምተኛ ሰው ነኝ። አዲስ ባትሪ አስገባሁ፤ ኮርዱን መታሁ፤ ጠራ። የቀረኝ ሥራ ያለጥፋታቸው ጌይናቸውን ያወረድኩባቸውን ፕሪሴቶች አንድ በአንድ መመለስ ነበር። እሱ ሌላ ሳምንት ፈጀብኝ።